በኮምፒውተር የታገዘ ጉልበት

መኪናዬ ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረች። በዚያ ዘመን ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ መጎተት የሚያስገመግም ነገር ስለነበር፣ ሳልውል ሳላድር ከገላን ኮንዶሚኒየም አስነሥቼ አቃቂ በሰቃ፣ ጋሽ በዛብህ ጋራዥ አደረስኳት።

ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ከደረሰ ዓመት አልፎት ነበር። ስለ ቴክኖሎጂ የማያወራ ሰው አልነበረም። በጋራዡ በር ላይ በቀይ ቀለም «በኮምፒውተር የታገዘ የጎማ አላይመንት» ተብሎ ተጽፏል። ይህ አላስደነቀኝም። በዚያው መንገድ ላይ በኮምፒውተር የታገዘ ጸጉር ቤት፣ በኮምፒውተር የታገዘ ልብስ ስፌት፣ ትንሽ አለፍ ብሎም በኮምፒውተር የታገዘ ሥጋ ቤት ነበር። የሥጋ ቤቱ ኮምፒውተር ሚዛኑ ነው።

ጋሽ በዛብህ ስልሳውን የተሻገሩ፣ ክንዳቸው እንደ ክሪክ የጠነከረ ሰው ናቸው። በመኪናዬ አራት ጎማዎች ላይ አራት የሚያብረቀርቁ ሰሌዳዎች አሰሩ። ፊት ለፊት ባለው ረጅም ምሰሶ ላይ ካሜራ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ያለው ስክሪን ላይ የመኪና ሥዕል ይበራል። ስክሪኑን በትልቅ አክብሮት አዩት። ከዚያ ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡና ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ወጥረው ተንበረከኩ።

«ሲባጎው ለምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ለማረጋገጫ» አሉኝ፤ ቀና ሳይሉ።

እኔም አመንኩ። የተማረ ሰው ነኝ፤ ስክሪን የበራበትን ሁሉ አምናለሁ።

ይሄኔ ነው ሮዳስ የመጣችው። ሮዳስ የጋሽ በዛብህ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ የብሎን መፍቻ ለአባቷ ልታቀብል ከጎማው ክምር ጀርባ ብቅ አለች። ሦስት እርምጃ ተራምዳ ዞር ስትል ቀኝ ጉልበቷ ከዳት። መፍቻው በረረ፤ እሷ የመኪናዬ አፍንጫ ላይ ወደቀች።

«ምን አለ ረጋ ብለሽ ብትራመጂ!» ብለው ጮኹባት አባቷ።

«ረግቼ ነው የተራመድኩት! ጉልበቴ ነው ያልረጋው!»

ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት። የአንድ ፋብሪካ የሴቶች ቡድን ተከላካይ ነበረች። ከሰባት ወር በፊት ኳስ በቴስታ መትታ ስትወርድ ጉልበቷ ውስጥ «ቷ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እንደ ሎሚ አበጠ። እብጠቱ ጠፋ፤ ክህደቱ ግን ቀረ። ደረጃ ስትወርድ ይከዳታል፤ ታክሲ ስትሳፈር ይከዳታል።

«ማን አየው?»

«ወጌሻው ሮሪሳ» አሉ ጋሽ በዛብህ። «አራት ጊዜ በቅቤ አሽቷታል። ጅማቷ ዞሮ ነው አለ። ይመለሳል።»

«ይፍቀዱልኝና ልየው» አልኩና ከአሮጌ ሚኒባስ በተነቀለ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ጉልበቷን አጥፌ ቅልጥሟን ወደ ፊት ሳብ ሳደርገው እንደ ላላ መሳቢያ ወደ እኔ ተንሸራተተ። ግራውን ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

«አልዞረም ጋሼ። ተበጥሷል» አልኩ። «በጉልበት መሀል፣ ጭንና ቅልጥምን የሚያስር ጅማት አለ። እሱ ነው። በእጅ አይደረስበትም። ወጌሻው እስከ ጥምቀት ቢያሸው ቅቤ ይጨርሳል እንጂ የተበጠሰ አይቀጥልም።»

«ማነህ አንተ ለመሆኑ?»

«ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የተጎዳን ሰውነት በእንቅስቃሴ፣ በእጅም እየረዳን…»

«አሃ! ወጌሻ ነኝ አትልም!»

«ወጌሻ አይደለሁም ጋሼ፤ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ…»

«ዲግሪ ያለው ወጌሻ። ምንም አይደል፤ ቀጥል።»

ተናደድኩ። የተናደደ ምሁር ደግሞ ማስረዳቱን ትቶ ይሰብካል። በምሠራበት ሆስፒታል ዶክተር ተቅዋ የምትባል የአጥንት ቀዶ ሐኪም እንዳለች፣ ለሦስት ሳምንት ብቻ በውሰት የመጣ አዲስ መሣሪያ እንደያዘች፣ መሣሪያው ሊመለስ ዐሥር ቀን እንደቀረው ነገርኳቸው። በመጨረሻም ደረቴን ነፍቼ «በኮምፒውተር የታገዘ ቀዶ ጥገና ይባላል» አልኩ።

ጋሽ በዛብህ መፍቻውን መሬት አስቀመጡ። «ምን የታገዘ?»

«በኮምፒውተር! በጭን አጥንቷና በቅልጥሟ ላይ ምልክቶች ይታሰራሉ። ፊት ለፊት ካሜራ ይቆማል። ካሜራው ምልክቶቹን እያየ፣ አዲሱ ጅማት የሚገባበት ቀዳዳ የት መበሳት እንዳለበት ስክሪን ላይ በሚሊ ሜትር ያሳያል። ተአምር ነው ይበሉኝ! ደግሞ ምን አስረዳዎታለሁ፤» አልኩና ወደ ጎማዎቼ ጠቆምኩ፣ «ልክ እንደ እርስዎ ማሽን ነው!»

ሮዳስ አፏን በእጇ ያዘች። የጋሽ በዛብህ ፊት ግን ቲማቲም መሰለ።

«ከዚህ ውጣ!»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ውጣ አልኩህ! ልክ እንደ እኔ ማሽን? ካሜራው እኮ ዕውር ነው! ከዱባይ ሲመጣም ዕውር ሆኖ ነው የመጣው! ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጎማ አይቶ አያውቅም! ያ ስክሪን ላይ የምታየው መኪና ያንተ መሰለህ? ያንተ አይደለም፤ የማንም አይደለም፤ ፎቶ ነው!»

«ታዲያ መኪናዬን በምን አስተካከሏት?»

«በሲባጎ! አርባ ዓመት በሠራሁበት ሲባጎ! በዚህ ዓይኔ!»

«ታዲያ ሳጥኑን ለምን አቆሙት?»

«ሲባጎ ሲያዩ ስለሚሄዱ ነዋ! እንዳንተ ያለው ደብተራም ሲባጎ ካየ ‹ኋላ ቀር› ብሎ ወደ ታችኛው ጋራዥ ይወርዳል። ሳጥን አቁሜ ‹በኮምፒውተር የታገዘ› ብዬ ስጽፍበት ተሰለፉ። ቃሉን የማላውቀው መሰለህ? በገዛ በሬ ላይ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት!» በጣታቸው ወደ በሩ ጠቆሙ። «አምና ደግሞ ለቤቴ ካርታ አንድ መሥሪያ ቤት ዐሥራ አንድ ቀን ተመላለስኩ። ዐሥራ አንዱንም ቀን ልጅቷ ማስቲካ እያኘከች ‹ሲስተም የለም› አለችኝ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሲስተም መጣና በዛብሽ ብሎ ሴት አደረገኝ! እኔ እሺ፣ በጎማ ዋሸሁ። እናንተ በልጄ አጥንት ልትዋሹ?»

እዚህ ላይ ለአንባቢ እውነቱን ልናገር። ሽማግሌውን ኋላ ቀር ብዬ ብሰድባቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ባለው ታሪክ ሽማግሌ የሚገባው ለዚሁ ነው። ግን ሰውዬው አልተሳሳቱም። ከሥጋ ሚዛን እስከ ካርታ ክፍል በዚያ ቃል ያልተታለለ ማን አለ? በመጠርጠራቸው ደግ አደረጉ። የሚያንገበግበው ጠርጥረው እቤት መቀመጣቸው ነው። ሰባት ወር! ጉልበቷ በከዳት ቁጥር በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ይታኘካል፤ ትራሱ ካለቀ በኋላ ማንም ምንም አያመጣም።

ይህንኑ ስናገር ሮዳስ ከወንበሩ ተነሣች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጋሽ ሮሪሳ ዘንድ አራት ጊዜ ስትወስደኝ ‹ታያለህ ወይ› ብለህ ጠይቀኸዋል?»

«ሮሪሳ የታወቀ ነው።»

«ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያሸኝ! ‹በመንፈስ ነው የማየው› ይላል! የሱን ዕውርነት በቅቤ ተቀበልክ፤ የኮምፒውተሩን ሳታየው ፈረድክበት!»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን!»

«ጉልበቴ ሲከዳኝ ምላሴም ይክዳኝ?» እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ። «ስማ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፊርማው የራሴ ነው፤ ዛሬ ሄጄ መፈረም እችላለሁ። ምርቃቱ ግን የራሴ አይደለም። ሳትመርቀኝ ቢላ ሥር አልተኛም። ዐሥር ቀን አለህ። እንቢ ካልክ እንቢ በለኝና እድሜ ልኬን እያነከስኩ መፍቻ አቀብልሃለሁ።»

ጋሽ በዛብህ ሲባጎውን በጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ፣ ይፈቱ ጀመር።

«ጋሼ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እኔን አይመኑኝ። መጥተው ራስዎ ይፈትኑት። ዕውር ካሜራ እንዴት እንደሚያይ ሆኖ እንደሚቆም ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ በአቃቂ የለም።»

«እየሰደብከኝ ነው?»

«እየጋበዝኩዎት ነው።»

ሐሙስ ዕለት ኮትና ኮፍያ አድርገው ከልጃቸው ጋር ሆስፒታል መጡ። ዶክተር ተቅዋ አባቷ የቃሊቲ የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ፣ የወሎ ሰው ልጅ ናት፤ ቁመቷ ከጠረጴዛው ብዙም አይበልጥ። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ጭንና ቅልጥም አዘጋጅታለች።

ጋሽ በዛብህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ኮሪደሩ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ «መብሻውን ትራፓኖ የምትይዘው እሷ ናት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ዶክተሯ። «የእርስዎ ትራፓኖ ከኔ ይከብዳል። የኔ ስሕተት ግን ከእርስዎ ይከብዳል።»

አባባ መልሱን ወደዱት መሰለኝ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ዶክተሯ ሥራውን አስረዳች። ከሮዳስ ከራሷ ጭን ጀርባ ጅማት ይወሰዳል። በጭን አጥንት አንድ፣ በቅልጥም አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ አዲሱ ጅማት በሁለቱ ውስጥ አልፎ ይታሰራል። «ነገሩ ሁሉ ቀዳዳው ላይ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከቦታው ቢያመልጥ፣ ጉልበቷን ባጠፈችና በዘረጋች ቁጥር ጅማቱ ያለልክ ይወጠራል። ውሎ አድሮ ወይ ይላላል፣ ወይ ይበጠሳል።»

«እንደ ቺንጋ ነዋ!» አሉ ጋሽ በዛብህ። «የሞተር ቺንጋ የሚዞርበት መዘውር ከመስመር ከወጣ ስንት አዲስ ብታስገቢ ይበላዋል።»

«እንደሱ ነው።»

«እሺ፣ ያንቺ ካሜራ ያያል?»

«ይጠይቁት።»

የፕላስቲኩን ጭን አነሡት፤ ስክሪኑ ላይ ያለውም ጭን ተነሣ። አዞሩት፤ ዞረ። ኮፍያቸውን አንሥተው ካሜራውን ሸፈኑት፤ ሥዕሉ ጠፋ፣ ቀይ ምልክት በራ፣ ማሽኑ ጮኸ። ኮፍያውን አነሡ፤ ሥዕሉ ተመለሰ። እንደገና ሸፈኑ። ሦስተኛ ጊዜ ሸፈኑ።

«የኔ ቢሆን ሥራውን ይቀጥል ነበር» አሉ በቀስታ። «ይሄ አላየሁም ይላል።»

እኔ በልቤ አበቃ፣ አመኑ አልኩ። ሰውዬውን ገና አላወቅኋቸውም። ጎንበስ ብለው ምልክቱ አጥንቱ ላይ የታሰረበትን ብሎን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ይሄን ሥራ መሀል ባላላውስ? ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ዶክተሯ። «እሱ የሚያየው ምልክቱን ነው፤ አጥንቱን አይደለም። ምልክቱ ከተንሸራተተ በሙሉ ልቡ ይሳሳታል። ስለዚህ በየመሀሉ የማውቀውን አንድ የአጥንት ነጥብ በመርፌ እነካለሁ። ስክሪኑ ሌላ ቦታ ነካሽ ካለኝ ውሸታም ሆኗል ማለት ነው፤ አቆማለሁ።»

«መብራት ቢሄድስ?»

«ጀነሬተር አለ።»

«ጀነሬተሩ እንቢ ቢልስ?»

«ባትሪ አለው።»

«ስክሪኑ ራሱ ቢሞትስ?» ድምፃቸው ጋለ፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ልጄን ከፍተሽ፣ ጉልበቷን አስጥተሽ፣ ‹ሲስተም የለም› ልትይኝ ነው?»

«አይደለም አባባ። ያለሱ እሠራለሁ። ይህ ሳይመጣ ስንት ዓመት በእጅ መለኪያና በዓይኔ ስበሳ ኖሬያለሁ። ግን መዝገቧ ላይ ‹ያለ ኮምፒውተር ተሠራ› ብዬ እጽፋለሁ። ስወጣም ለእርስዎ እነግርዎታለሁ።»

«ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርዎታለሁ።»

ጋሽ በዛብህ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለአንድም ደንበኛ ያላሉትን ቃል ይህች አጭር ሴት እንደ ዋዛ ተናገረችው። የሰው ፊት ላይ ንዴትና እፍረት ሲጋፉ አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ማን እንዳሸነፈ አላውቅም።

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ» አሉ። «በዚህ ከተሠራ እንደ ድሮዋ ትሆናለች?»

«እሱን አላውቅም» አለች ዶክተር ተቅዋ። «መሣሪያው ቀዳዳውን ቦታው ላይ ለማድረግ ይረዳኛል፤ ይህ በጥናት በደንብ ታይቷል። በሱ የተሠራ ሁሉ ካለሱ ከተሠራው የተሻለ ይሮጣል የሚል ማስረጃ ግን ገና በእጃችን የለም። ጅማቱም ሊቆጣ፣ ሊበጠስ ይችላል። ከተሳካም የቀረው ዘጠኝ ወር የዚህ ሰውዬ ማሠቃየት ነው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ጋሽ በዛብህ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ! ጋራዤ መጥተህ ተአምር ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ» አልኩ፤ መሬት መሬት እያየሁ።

«እኔ በር ላይ ጻፍኩ፤ አንተ በአፍህ ጻፍከው። በል ምን ለየን?»

አዲስ ነገርን ከፍሬው በላይ አግንኖ የሚሸጥ ምሁር፣ አሮጌውን አላይ ብሎ ከሚዘጋ ሽማግሌ እኩል አገር ያጎድላል።

«ነይ ወዲህ!» ብለው ጮኹ ወደ ልጃቸው። ሮዳስ ልትሰደብ መስሏት እያነከሰች ቀረበች። ሽማግሌው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ የሚቆጡም የሚያለቅሱም ይመስሉ ነበር። «የዚህችን ሴትዮ እጅ እግዜር ይምራው። ካሜራውን ያብራላት፤ ባይበራም የገዛ ዓይኗን ያብራላት። የተበጠሰውን ይቀጥልልሽ። አሜን በይ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ!»

«አሜን» አለች ሮዳስ።

ዶክተር ተቅዋም በራሷ ሃይማኖት «አሚን» አለች።

መሣሪያው ሊመለስ አራት ቀን ሲቀረው ሮዳስ ተሠራች። ስክሪኑ አልሞተም። አንድ ጊዜ ብቻ ነጥቡ አልገጥም ብሎ ዶክተሯ ሥራ አቁማ ምልክቱን እንደገና አሰረች፤ ይህንንም ስትወጣ ኮሪደር ላይ ለጋሽ በዛብህ ሳይጠይቋት ነገረቻቸው። እሳቸው በዚያው ሳምንት የጋራዣቸውን ካሜራ የሚጠግን ሰው ፈልገው አገኙ፤ ካሜራው እስኪያይ ድረስም ከበሩ ላይ «በኮምፒውተር» የሚለውን በኖራ አጠፉት። ደንበኛ ቀነሰባቸው። የሄደውን ሁሉ እየተከተሉ ይሳደባሉ ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ዘጠኙ ወር መጣ። ይህን ክፍል ማንም አይጽፈውም፤ ስክሪን የለበትማ። በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቷን ቀጥ አድርጋ መዘርጋት ነበረባት፤ ሰደበችኝ። በሁለተኛው ወር በአንድ እግር ቆማ ሚዛን መጠበቅ ነበረባት፤ ሰደበችኝ። በአምስተኛው ወር ደህና ነኝ ብላ ልትሮጥ ስትል ከለከልኳት፤ ከሁሉም ጊዜ አብልጣ ሰደበችኝ። አባቷ በየቀጠሮው አብረው መጥተው ጥግ ይቀመጡና ሌሎቹን አባቶች ያፋጥጣሉ። አንድ ቀን ሸኪብ የሚባል የቱሉ ዲምቱ ነጋዴ ልጁን ይዞ መጥቶ ተራ ሲጠብቅ ያዙት።

«ስንት ጊዜ አሳሸኸው?»

«ሁለት ጊዜ፣ ጋሼ።»

«ከኔ አራት ያንተ ሁለት ይሻላል። ስማኝ፤ ጉልበት ‹ቷ› ብሎ ጮኾ በዚያው ሰዓት ካበጠ ቅቤ ይዘህ አትሩጥ፤ ሐኪም ጋ ሩጥ። ቶሎ ከታየ ትራሱ ይተርፍለታል፤ ትራሱ ከተረፈ በእርጅናው በዱላ አይሄድም። መሣሪያ አለ ካሉህ ያያል ወይ በል። ሲሳሳት በምን ታውቃላችሁ በል። ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ በል። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመህ ልጅህን ይዘህ ውጣ። ‹አላውቅም› የሚል ካገኘህ ግን ያዘው፤ እንዳትለቀው! ደግሞ ቤት ስትገባ አሠራው የተባልከውን እንቅስቃሴ ካላሠራኸው፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተር ለሰርግ ጌጥ ነው።»

ከዚህ በላይ ምክር የለኝም። እኔ በዲግሪ ያላስተካከልኩትን እሳቸው በቁጣ አስተካክለው ተናገሩት።

በዘጠነኛው ወር የመጨረሻውን ፈተና ፈተንኳት። መሬት ላይ መስመር አሰመርኩ። በግራ እግሯ ብቻ ዘለለች፤ አንድ ሜትር ከአርባ። ቀጥሎ ቀኙ ነው። አባቷ ከወንበራቸው ተነሡ። ሮዳስ ከንፈሯን ነክሳ ዝቅ አለች፤ ተስፈነጠረች፤ በዚያች በተሠራች እግር ብቻ አረፈች። ጉልበቷ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ቆመ።

ለካሁት። አንድ ሜትር ከሠላሳ፤ ከግራው ዘጠና በመቶ ካለፈ ይበቃል። «አልፈሻል» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ምሁር አልወጣልኝም።

ጋሽ በዛብህ በመሐረብ አፍንጫቸውን ጠረጉና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ድገሚው» አሏት። «አንዴማ ማንም ይዘላል።»